ለድራማ የተነፋ ጡሩምባ

ወንድሜ ያንን ፊልም መጀመሪያ ያየው አውቶቡስ ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ ሲመጣ ረዳቱ ይከፍተዋል፤ ጫጫ ሲደርሱ ባለታሪኩ ሞተ ይባላል፤ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ሲገቡ ፊልሙ ገና አላለቀም። ሰው ሁሉ ሻንጣውን እያነሳ ሲወርድ የኔ ወንድም "መጨረሻውን ሳላይ አልወርድም" ብሎ ከረዳቱ ጋር ሊደባደብ ምንም አልቀረውም። እኔ ቤት ሲገባ እራቱን እንኳ በቅጡ አልበላም። "ሰውየው እውነት ሞቶ ይሆን?" ይለኛል። "እኔ ምን አውቃለሁ፣ የአክስቴ ልጅ ነው?" አልኩት። በማግስቱ ፊልሙን በፍላሽ አስገልብጦ ወደ አንኮበር ሄደ፤ መጨረሻውንም ከእናታችን ጋር አየው።

ታሪኩ ያው የፍቅር ታሪክ ነው። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ጣርማ በር ላይ ሻይ ከምታፈላ ልጅ ጋር ይዋደዳል። አንድ ቀን በጭጋግ መኪናው ገደል ገባ ይባላል። ሬሳ አይገኝም፤ ግን ይለቀስለታል። ልጅቷ ሌላ ልታገባ ሽር ጉድ ሲባል ሰውየው እያነከሰ በእናቱ በር ይገባል። እኔ "ይኼን ሁሉ ጊዜ የት ከርሞ ነው? ስልክ የሚባል ነገር አልነበረም?" ስል እናትና ልጅ ባንድ አፍ "ዝም በይ!" ይሉኝ ነበር። እናቴ ሹፌሩ በር ላይ ሲቆም ሁልጊዜ ታለቅሳለች። ወንድሜ ይስቅባታል።

"እማዬ፣ እንደሚመለስ እኮ ታውቂያለሽ።"

"እኔ ባውቅስ! እናቱ አታውቅ።"

ወንድሜ ደብረ ብርሃን ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር። ሥራው ቀዘቀዘ፤ ጓደኞቹ አንድ በአንድ በበረሃ አድርገው ወደ ባሕሩ ሄዱ፤ አንድ ቀን እሱም ለማናችንም ሳይናገር ጠፋ። ከባሕሩ ዳር ሆኖ ሲደውል ነፋሱ ከድምፁ በላይ ይሰማ ነበር። እኔን "እንዳትቆጪ" አለኝ። ተቆጣሁ። እናቴን ደግሞ "አይዞሽ፣ እኔ እንደ ሹፌሩ ነኝ፤ በርሽን ብቻ አትዝጊ" አላት። ከዚያ ወዲህ አልደወለም። አብሮት የሄደ የሰፈራችን ልጅ ከተሻገረ በኋላ ደወለና ወንድሜ የተሳፈረበት ጀልባ ከነሱ በኋላ ተነስቶ እንደነበር፣ እንዳልደረሰ፣ ምናልባት ሌላ ቦታ ወርደው ሊሆን እንደሚችል ነገረን። እናቴ ከዚያ ሁሉ ወሬ "ምናልባት" የምትለዋን ብቻ ይዛ ቀረች።

በኛ አገር መርዶ ሥርዓት አለው። ማንም ሰው ተነስቶ ልጅሽ ሞቷል አይልም። ቅርብ ዘመድ ሽማግሌ አስከትሎ ሊነጋጋ ሲል ይመጣል፤ ሐዘንተኛዋ ከቤት ሳትወጣ፣ አፏ ላይ ውሃ እንኳ ሳይዞር። ስለዚህ ያለ ሰዓቱ የመጣ ዘመድ ሳይናገርም ተናግሯል ማለት ነው። የኛን ቤት መርዶ ማን እንደሚያመጣው ደግሞ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከመንደራችን ገደል ማዶ የሚኖሩት የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። እናቴም ታውቃለች። ለዚህ ነው አጎቴን ጠርታ፣ "ወንድምዬ፣ እኔ ዘንድ ስትመጣ ከሰዓት በኋላ ና። በጧት እንዳትመጣብኝ፤ ልቤ ይቆማል" ያለቻቸው። አጎቴም ቃላቸውን ጠበቁ። ማር ሲያመጡላት፣ በግ ሲታመምባቸው፣ ጉዳያቸው የፈለገውን ያህል ቢያስቸኩል እንኳ ፀሐይ ዘንበል ካላለች የኛን ደጅ አይረግጡም ነበር።

መንደሩ ግን በውስጡ ልጁን ቀብሮት ነበር። ሰው ከእናቴ ጋር ሲያወራ ስለ ባሕር ነገር አያነሳም። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እያሉ ከኋላዋ ያንሾካሹካሉ። እሷ "ነጋሪ ሳይመጣ አላለቅስም" ብላ ጸንታለች።

እንዲህ ባለንበት ጊዜ ነው ያ ፊልም ተከታታይ ድራማ ሊሆን ነው የተባለው። ሽሮ ሲያንስ ውሃ ይጨመራል፤ እነሱም አንዷን ፊልም በየሳምንቱ በሚታይ ድራማ ሊያቀጥኗት ተነሱ። ቀረጻው ከፊሉ አንኮበር ነው ተባለ። ዳይሬክተሩ ኮፍያውን ገልብጦ ያደረገ፣ ቅዝቃዜው እጁን ከኪሱ የማያስወጣው የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ቤት ለቤት ሲዞር የእናቴን ግቢ አየ። ከበሩ ፊት ለፊት ገደሉ ጭጋጉን ተሸክሞ ይታያል። "ይኼ ነው የሹፌሩ እናት ቤት!" ብሎ ጮኸ። እናቴ እሺም እምቢም ሳትል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

"መጨረሻው አልተቀየረም?"

"አልተቀየረም እማማ። እዚሁ በር ላይ ነው የሚመለሰው።"

"እንግዲያ ግቡ" አለች።

ግን ሁለት ነገር ከለከለች። ለቅሶው ሲቀረጽ እሷ ከአልቃሾቹ ጋር አትቀመጥም፤ ንፍሮም በሷ ምድጃ ላይ አይጣድም። "በልቅሶ አይቀለድም፤ ሟርት ነው" አለች። ንፍሮው ለቀረጻ ብቻ ቢሆንም ጎረቤት ቤት ተቀቀለ። የሹፌሩን እናት ሆና የምትጫወተው ከአዲስ አበባ የመጣች ተዋናይት ናት፤ ረጋ ያለች ሴት ነበረች፤ እናቴን "እታለም" እያለች ነበር የምታናግራት። በፊልሙ ውስጥ ለቅሶው ብልጭ ብሎ የሚያልፍ ነገር ነው። በድራማው ግን ሙሉ አንድ ክፍል ሊሆን ነው፤ መርዶው፣ ድንኳኑ፣ ሙሾው፣ ሁሉም።

እኔ ያኔ ደብረ ብርሃን ካርቶን ፋብሪካ ነበር የምሠራው። ፈረቃዬን ለጓደኛዬ ሰጥቼ እናቴን ብቻዋን ላለመተው መጣሁ። ዳይሬክተሩ ሁሉ ነገር እውነተኛ እንዲሆን ይፈልጋል። ድንኳኑ የዕድራችን ድንኳን ነው። የሰፈሩ ሰው አስቀድሞ ተነግሮታል፤ ነጠላውን ዘቅዝቆ ተሰልፏል። ለዕድራችን ጡሩምባ የሚነፉት ሽማግሌም ተጠርተዋል። እኚህ ሰው ሥራቸውን እንደ ቅዳሴ ነው የሚያዩት። ሁልጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለችው ጉብታ ላይ ይወጣሉ፤ አንዴ ወደ ቆላው፣ አንዴ ወደ ደጋው ዞረው ይነፋሉ፤ ከዚያ የለቅሶውን ቤት ይጠራሉ። ዳይሬክተሩ ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ፣ "አባባ፣ ምንም አይጨነቁ፤ ልክ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ያድርጉት" አላቸው።

እሳቸውም አደረጉት።

ገና አልነጋም፤ ጭጋጉ ግቢው ውስጥ ገብቷል። እኔ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ እናቴ ውስጥ ለቀረጻው ሰዎች ሻይ ታፈላለች። ጡሩምባው አንዴ ጮኸ፤ ሁለተኛ ጮኸ። ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ በጭጋጉ ውስጥ መጣ። የእናቴን ስም ጠርተው፣ "ቤት ለቅሶ ነው! ድረሱ!" አሉ። እናቴ እጇ ላይ ያለውን ስኒ አስቀመጠችና አየችኝ። "የኔን ስም ለምን ይጠሩታል?" አለች። "ድራማው ነው እማዬ" አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ?

ቅርብ ያለው ሰው ድራማ መሆኑን ያውቃል። ከገደሉ ማዶ ያለው ግን ማን ነግሮት? እነሱ የሰሙት የዕድሩን ጡሩምባ ነው፤ የእናቴን ስም ነው። ባሕር የበላው ልጅ መርዶ ተነገረ ብለው አሰቡ። ማን ይፈርድባቸዋል?

ቀረጻው ተጀምሯል። ተዋናይቷ ደረቷን እየመታች ታለቅሳለች፤ ሴቶቹ ያጅቧታል። ድንገት ከታች ከገደሉ አፋፍ ሌላ ጩኸት ተሰማ። ሰዎች በጭጋጉ ውስጥ እየሮጡ መጡ። ፊት ፊት ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። "ልጄን! የእህቴን ልጅ! አንተ ባሕር፣ አፈር ያርግህ!" እያሉ ግቢው መሐል ገብተው ወደቁ። አጎቴ ነበሩ። ከኋላቸው ቆላ ወርደው ሊነግዱ ጉዞ የጀመሩ ሁለት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጭነታቸውን ከነአህያው መንገድ ላይ ትተው፣ "ኢና ሊላሂ" እያሉ ገቡ።

ቀድሞ የገባት ተዋናይቷ ናት። ለቅሶዋን አቁማ እጇን ወደ ዳይሬክተሩ አነሳች። እሱ ግን ዓይኑ በርቷል። ለካሜራ ማኑ በሹክሹክታ "ሽማግሌው ላይ፣ ሽማግሌው ላይ፤ እንዳታቋርጥ!" ይለዋል። ያን ሹክሹክታውን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ። "አቁሙ!" ብዬ ጮኽኩ፤ ግን የኔ ጩኸት ከማን ጩኸት ይለያል? ለቅሶ ቤት ነው።

እናቴ ከማድ ቤት ወጣች። ወንድሟን አየች፤ ሰማዩን አየች፤ ገና በቅጡ አልነጋም።

"ወንድምዬ" አለች፣ "በጧት መጣህ?"

እዚያው ተንበረከከች፤ ያን ሁሉ ጊዜ አምቃ የያዘችው ሁሉ ወጣ። እናቴ ስታለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ በፊልሙ መጨረሻ ላይ ካልሆነ። ይኼ ሌላ ነው። መሬቱን በመዳፏ ትመታለች፤ "በሬን አልዘጋሁም፣ በሬን አልዘጋሁም" ትላለች። ሩጬ ያዝኳት፤ አብሬያት ወደቅኩ። እኔም አለቀስኩ። ድራማ መሆኑን እያወቅኩ፣ አጎቴ ምንም እንዳልሰሙ ልቤ እየጠረጠረ፣ ወንድሜን አለቀስኩት።

ሰው ደግፎ ያነሳን ብዙ ቆይቶ ነው። አጎቴ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ "ማን ነገራችሁ? በማን በኩል ሰማችሁ?" አሉን።

እናቴ ቀና አለች። "አንተ አይደለህ እንዴ የሰማኸው?"

"እኔማ እናንተ ሰምታችሁ መስሎኝ! ጡሩምባው ያንቺን ቤት ጠራ!"

ሁሉም ጡሩምባ ነፊውን አዩ። ሽማግሌው ጡሩምባቸውን እንዳቀፉ ከጉብታው ወርደው ግራ ገብቷቸው ቆመዋል። "ጡሩምባ ቤት ሳይጠራ ተነፍቶ ያውቃል?" አሉ። "እንደምታደርገው አድርግ አለኝ፤ አደረግሁ።" እሳቸው ምን በወጣቸው። የሚነፉት ለማን እንደሆነ የማይታወቅ ጡሩምባ ለሳቸው ጡሩምባ አይደለም።

የቀረጻው ሰዎች ዕቃቸውን ሰብስበው ወጡ። የመጣው ሰው ግን አልሄደም። ለቅሶ ቤት ገብቶ እንዴት ወዲያው ይሄዳል? ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ። ለቀረጻ የተቀቀለው ንፍሮ ቀረበ፤ ሰዉም በላው። እናቴ ዓይኗ አብጦ በሯ ላይ ተቀምጣ ሲበሉ ታያቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛት "እግዜር ያጥናሽ" ይላታል። "ለማን ብላችሁ?" ትላለች በቁጣ። ሰው አንገቱን ይደፋል። ነገሩ ሐሰት ነው፤ ዕንባው ግን እውነት ነበር፤ መንደሩም የራሱን ዕንባ አመነ። ፍትሐት ይደረግ የሚሉም መጡ። የነፍስ አባቷ "እርግጥ ነገር ሳይሰማ አይሆንም" ብለው መለሷቸው። እናቴ ቀንም ሌሊትም የምታስበው አንድ ነገር ሆነ፤ ልጇን በቁሙ እንዳለቀሰችው። "ሟርቱን እኔ ራሴ አወጣሁበት" ትለኝ ጀመር። በሕይወት ካለ ለቅሶዋ መንገድ ላይ ያገኘዋል ብላ ፈራች። አስረዳሁ፣ ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፤ የሚሰማኝ የለም።

ዳይሬክተሩ በሳምንቱ ስኳርና ቡና ይዞ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። ጨርሶ ልብ የሌለው ሰው አይደለም፤ አንገቱን ደፍቶ ነው የገባው። እናቴ ይቅርታውን አልሰማችም። ወንበር ሰጥታው፣ "ሹፌሩ የሚመለሰው መቼ ነው?" አለችው።

"ከክረምቱ በኋላ እንቀርጸዋለን እማማ።"

"እዚሁ?"

"እዚሁ በር ላይ።"

"እንግዲያ ስማኝ" አለች። "ያን ዕለት ያለቀሰ ሁሉ ይምጣ። ወንድሜም ይምጣ። ልጁ በዚህ በር ሲገባ ሁሉም እልል ይበል። የተለቀሰው በእልልታ ይሻራል።"

ማልልኝ አለችው፤ ማለላት። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ሳቅም ለቅሶም መጣብኝ። ግን እውነቱን ልናገር፤ እኔም ያንን ቀን መጠበቅ ጀመርኩ። ክረምቱን ሙሉ እናቴ ተዘጋጀች። ለጠላ የሚሆን ገብስ ለየች፤ ጌሾ አስወቀጠች፤ የበሩን ግድግዳ በነጭ አፈር ቀባች። አጎቴን "ያን ቀን በጧት ና፤ ፈቅጄልሃለሁ" አለቻቸው። ሳቋን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር፤ ያኔ ሳቀች።

ድራማው ቴሌቪዥን ላይ መታየት የጀመረው መስከረም ገብቶ ነው። ሰው አልወደደውም። "ፊልሙን አበላሹት" ተባለ፤ ሲለጠጥ ለዛው ጠፋ ተባለ። የለቅሶው ክፍል ሲታይ ግን ሌላ ሆነ። ዳይሬክተሩ የእናቴን ለቅሶ አልቆረጠውም ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ምሳ ላይ አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ስልኳን ወደ ፊቴ አስጠግታ፣ "ይቺን ሴትዮ አየሻት? እንዴት ነው የምታለቅሰው በናትሽ!" አለችኝ። እናቴ መሬቱን በመዳፏ እየመታች ነበር።

"እናቴ ናት" አልኳት።

"ውይ! ተዋናይት ናት እንዴ? ታድለሽ!"

ምሳዬን ትቼ ወጣሁ። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ግድግዳውን በቡጢ መታሁት፤ ለሳምንት እጄ አበጠ።

በሚቀጥለው ሳምንት ድራማው በሚታይበት ሰዓት የምግብ አሠራር ፕሮግራም መጣ። ሽንኩርት ይከተፋል። እናቴ ሰዓቱን የተሳሳተች መስሏት እስከ መጨረሻው ጠበቀች። በሌላውም ሳምንት ያው። ስፖንሰር አጣ አሉ፣ ተመልካች ጠፋ አሉ፣ መንገዱ አያስኬድም አሉ። አገር ያየው የመጨረሻው ክፍል የኛ ግቢ ለቅሶ ሆኖ ቀረ። ሹፌሩ እንደሞተ ቀረ።

ለዳይሬክተሩ ደወልኩ፤ አያነሳም። እናቴ ዘንድ በሄድኩ ቁጥር ገብሱ ተለይቶ እንደተቀመጠ አየዋለሁ። "ደወልሽለት?" ትለኛለች። "በቴሌቪዥን አይታይ፤ ግዴለም። ካሜራም አያምጣ። ልጁ ብቻ ይምጣና በዚህ በር ይግባልኝ። አንድ ጧት ነው፤ ምን ያስቸግረዋል?" ላም አለኝ በሰማይ አልኩ በሆዴ፤ በአፌ ግን "እሺ" አልኳት። የሹፌሩን ቦታ የሚጫወተውን ልጅ ራሱን ባገኘው እግሩ ላይ ወድቄ እለምነዋለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ዳይሬክተሩ በስንት መከራ ስልኩን አነሳ። ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ነበር። "እኅቴ" አለኝ፣ "ድራማው ሞቷል። ልጁም አገር ውስጥ የለም። ለአንድ ዝግጅት ውጭ ሄዶ በዚያው ቀረ።"

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅጄ አንኮበር ሄድኩ። እናቴ ግቢዋን ትጠርግ ነበር። ብዋሻት እችል ነበር፤ መዋሸትም አምሮኝ ነበር። ግን በዚያ ግቢ ውስጥ በቂ ውሸት ተሠርቷል።

"እማዬ፣ ሹፌሩ አይመጣም። የሚጫወተው ልጅ ወጥቶ ቀርቷል።"

መጥረጊያዋን እንደያዘች ገደሉን አየች። እኔ ለቅሶ ጠብቄ ነበር፤ እርግማን ጠብቄ ነበር።

"እናት አለችው?" አለችኝ።

"አላውቅም እማዬ።"

"አለችው" አለች። "ትኖራለች። እሷም በር ከፍታ ነው የምትውለው።"

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አቁማ ወደ ውስጥ ገባች። ተከተልኳት። ለጠላው የለየችውን ገብስ ወደ ጎን ገፍታ ከጎታው ስንዴ ዘገነች፤ ሽምብራ ጨመረች፤ ለቀመች፤ አጠበች። ምን እየሠራች እንደሆነ ሲገባኝ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ትልቁን ድስት ምድጃው ላይ ጣደችና እሳቱን አነደደች። ወንድሜ ከሄደ ወዲህ በዚያ ቤት ንፍሮ ሲጣድ የመጀመሪያው ነበር።

"ወንድሜን ጥሪልኝ" አለችኝ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ። "ነገ በጧት ይምጣ።"

"እሺ እማዬ።"

ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለብሼ በሩ ላይ ስደርስ ጠራችኝ።

"ጡሩምባ እንዳይነፉ ንገሪያቸው" አለች። "አንዴ ተነፍቷል።"